አንድ ሊትር ዘይት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ጥገናና ስለ መሐንዲሱ ኃላፊነት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ የምናገረው ስለ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት መሆኑን አስቀድሜ አስታውቄ ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ስልክ ደውለው «አንድ ሺህ ሊትር ማለትህ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ። አይደለም፤ አንድ ሊትር ነው። ግድብ የገደቡ፣ ድልድይ የዘረጉ፣ ፋብሪካ የተከሉ ሰዎች በተቀመጡበት አዳራሽ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ይዞ መቅረብ እንደ ድፍረት ሊቆጠርብኝ ይችላል። ነገር ግን በሥራ ዓለም በቆየሁባቸው ዓመታት ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ይበልጥ ያሳፈረኝ የተፈጸመው በዚህች አንድ ሊትር ውስጥ ስለሆነ፣ የማውቀውን መናገር ይሻላል ብዬ መጣሁ።

የተመረቅሁት በሜካኒካል ምሕንድስና ነው። የምሠራውም በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ደቡብ ሲጓዙ በምትገኘው በፍስሐ ገነት ከተማና በዙሪያዋ፣ በምንጭ ማጎልበትና በገጠር ውኃ ሥራ ላይ ነው። አገሩን ላላየ ሰው በአጭሩ ለማስረዳት፣ እንሰቱና ቡናው ከሥር፣ ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ሆነው ተደራርበው የሚበቅሉበት ተዳፋት ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሠፈረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ይኸው ነው። ለዓይን እንደ ስሙ ገነት ነው። ለሞተር ብስክሌት ግን፣ በተለይ ዝናብ የጣለ ዕለት፣ ሌላ ነገር ነው። ቀዩ ጭቃ ጎማውን ይጠቀልላል፤ ዳገቱ ከአንደኛና ከሁለተኛ ማርሽ አያስወጣም፤ ሞተሩም ነፋስ ሳያገኝ ለረዥም ጊዜ በኃይል ይሠራል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በዕድሜ የሚበልጡን አባላት በወጣትነታቸው በመስክ ሥራ የሚጠቀሙባቸውን የያማሃ ሞተር ብስክሌቶች ያስታውሳሉ። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ስለነበሩ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር አብሮ ይቃጠል ነበር፤ ከኋላቸው የሚተውት ሰማያዊ ጭስና ሽታውም የሚረሳ አይደለም። ዛሬ በየገጠሩ የሚታዩት አብዛኞቹ የሕንድ ሥሪት የሆኑ ባለ አራት ምት ሞተሮች ናቸው። በእነዚህ ዘይቱ አይቃጠልም፤ ሥራውን ሠርቶ፣ ቆሽሾና ደክሞ እንዲወጣ ይጠበቃል። በመንግሥት ውሳኔ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ የዘይት ነገር ጊዜው ያለፈበት ርእስ ነው የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ ግን እኛ ዘንድ ሲሚንቶውም፣ የቧንቧ መገጣጠሚያውም፣ አንዳንዴ ምጥ የያዛት ሴትም የሚጓዙት በእነዚሁ ሞተሮች ላይ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አምና ጥቅምት ለዕረፍት አዲስ አበባ ወጥቼ ስመለስ ለሞተር ብስክሌቴ የሚሆን ዘይት ገዝቼ መጣሁ። ከሱቁ መደርደሪያ ውዱን መረጥሁ፤ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነ፣ 5 ደብልዩ 30 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ባለ አራት ሊትር ነበር። የሞተሩ መመሪያ 20 ደብልዩ 50 እንደሚል አውቅ ነበር። ሆኖም ራሴን በትምህርቴ አሳመንሁ፤ አገሩ ደጋ ነው፣ ጠዋቱ ብርድ ነው፣ ቀጭን ዘይት ቶሎ ይደርሳል፣ ሰበቃን ይቀንሳል አልሁ። ዘይቱን ወስጄ ፍስሐ ገነት ለሚገኝ አንድ ወጣት መካኒክ ሰጠሁትና እንዲለውጥልኝ፣ የፍሪሲዮኑንም ገመድ እንዲያስተካክልልኝ አዘዝሁ። የሂሳቡን ከፊል ከፍዬ ቀሪውን በኋላ አልሁት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ዕቃ ጭኜ ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል፤ ጎማው ግን አይዞርም። ነዳጅ ስሰጠው ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ቡና ለቅመው የሚመለሱ ሰዎች ገፍተው አወጡኝ። በማግሥቱ ወደ መካኒኩ ሄጄ፣ ደንበኞቹ በተሰበሰቡበት፣ «የማታውቀውን ሥራ ለምን ትነካለህ?» አልሁት። ከዚህም አልፌ፣ የሰጠሁትን ውድ ዘይት ለራሱ አስቀርቶ ርካሽ ሞልቶብኛል የሚል ጥርጣሬዬን በሰው ፊት ተናገርሁ። ቀሪውንም ሂሳብ ከለከልሁት። ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንገቱን ደፋ፤ አንዲት ቃል አልመለሰም። ዝምታውን የጥፋተኛ ዝምታ አድርጌ ቆጠርሁት።

ከዚያ ወዲያ ሞተሬን ለሌላ ሰው አላስነካም ብዬ ማልሁ። ዘይቱን ራሴ አውጥቼ፣ የሞላብኝ ሌላ ዘይት መሆኑን በዓይኔ አይቼ፣ የተረፈኝን ውዱን ዘይት መልሼ ልሞላ ወሰንሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባኛል። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ሙቀት ሕግና ስለ ፈሳሾች እንቅስቃሴ ተምሬአለሁ፤ የዘይትን ውፍረት በስሌት አውጥቻለሁ፤ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ግን ፈትቼ አላውቅም ነበር። ስሙንም የማውቀው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። የጋራዡ ቋንቋ ሌላ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ። ጣሊያን ትቶት የሄደ፣ ሠራተኛው ከአፍ ወደ አፍ ሲቀባበለው የኖረ ቋንቋ ነው፤ በማንኛውም የመማሪያ መጽሐፌ ውስጥ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በተከራየሁበት ቤት ግቢ ሞተሩን በመካከለኛ እግሩ አቆምሁ። አምስት ደቂቃ ያህል አስነሥቼ አሞቅሁት፤ ሞቅ ያለ ዘይት ቀጥኖ ይወርዳል፣ ከሥር የረጋውንም ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። በጣም ከጋለ ግን እጅ ይልጣል። ከሥሩ የምግብ ዘይት የሚሸጥበትን ቢጫ ጄሪካን በጎኑ ቀድጄ እንደ ሳፋ አስቀመጥሁ። ከዚያም 17 ቁጥር መፍቻ ይዤ በጀርባዬ ተኛሁና ቡሎኑን ወደ ግራ አዞርሁ፤ ወይም ወደ ግራ ያዞርሁ መሰለኝ። ከላይ ሲያዩት ግራ የሆነው ከሥር ተኝተው ሲያዩት ቀኝ መሆኑን የተረዳሁት፣ ቡሎኑ ይበልጥ ሲጠብቅ ነው። ትንሽ ብገፋበት የአሉሚኒየሙን ጥርስ እበላው ነበር። ብረት በአሉሚኒየም ውስጥ ሲጠብቅ የሚሸነፈው ዘወትር አሉሚኒየሙ ነው፤ ጥርሱ አንዴ ከተበላ ደግሞ ጉዳዩ የቶርኖ ቤት ጉዳይ ይሆናል። የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም እማማ የሚሏቸው አሮጊት፣ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ቡና እየለቀሙ ይመለከቱኝ ነበር። «ልጄ፣ ይህንንም ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርከው?» አሉኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ዘይቱ ወረደ። ጥቁር ነበር፤ ጥቁረቱ ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም፣ ዘይቱ ጥቀርሻውን መያዙን ያሳያል። ነጣ ብሎ ወተት ቢመስል ኖሮ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነበር። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ብናኝ ቢበዛበት፣ ውስጥ የሚበላ ብረት አለ ማለት ነው፤ ማግኔት አስጠግቶ ብናኙ ከተሳበ ከማርሽ ወይም ከኩሽኔታ የመጣ ብረት፣ ካልተሳበ አሉሚኒየም ነው ብሎ መገመት ይቻላል። እኔ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። ወንፊቱን አውጥቼ ሳየው ቡናማ፣ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ያለ ጭረት ተለጥፎበታል፤ ሽታውም የተቃጠለ ነበር። የፍሪሲዮኑ ሸራ ነበር።

ዘይቱ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያ ሩብ ሰዓት፣ ሥራ ስላጣሁ ብቻ፣ የውዱን ዘይት ዕቃ አንሥቼ ጽሑፉን ማንበብ ጀመርሁ። ከጀርባው ባለው ክብ ምልክት የታችኛው ግማሽ ላይ ዘይቱ ቆጣቢ መሆኑን የሚገልጹ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነበሩ። ሲገዛ ያየኋቸው፣ እንዲያውም ያስደሰቱኝ ቃላት ናቸው። አሁን ግን ወንፊቱን በሌላኛው እጄ ይዤ ነበር።

ለሜካኒካል ባልደረቦቼ ነገሩ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም፤ ለሌሎቻችሁ ግን ላስረዳ። በመኪና ዘንድ ሞተሩ የራሱ ዘይት፣ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ የተለመደው ፍሪሲዮን ደግሞ ከሁለቱም ተለይቶ ደረቅ ሆኖ ይሠራል። በባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት ግን በአብዛኛው አንዱ ዘይት ሦስቱንም ያገለግላል። ፒስተኑን ያለሰልሳል፣ የካምቢዮውን ጥርሶች ይሸከማል፣ ፍሪሲዮኑም በዚሁ ዘይት ተነክሮ ይሠራል። ፍሪሲዮኑ እንደ ተደራረቡ ሳህኖች ያለ ነው፤ ሳህኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ኃይሉን የሚያስተላልፉት በሰበቃ ብቻ ነው። ለዘመናዊ አውቶሞቢል የሚዘጋጁት ነዳጅ ቆጣቢ ዘይቶች ደግሞ ሰበቃን ለመቀነስ ሆን ተብሎ የተጨመረባቸው ኬሚካል አላቸው። ለመኪናው ምርቃት የሆነው ለሞተር ብስክሌቱ እርግማን ነው፤ ሳህኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ሲንሸራተቱ ይግላሉ፣ ሲግሉ ይነዳሉ። ጃፓኖች ይህን አይተው በእኛ 1990 ዓ.ም. አካባቢ ጃሶ የተባለውን የሞተር ብስክሌት ዘይት ደረጃ አወጡ፤ በዕቃው ላይ ኤም ኤ የሚሉት ፊደላት ከታዩ ዘይቱ በዘይት ለሚነከር ፍሪሲዮን የሚስማማ ነው ማለት ነው። በእኔ ዕቃ ላይ አልነበሩም። መኖር እንዳለባቸውም አላውቅም ነበር።

ስለ ውፍረቱም የነበረኝ አስተሳሰብ የተሳሳተ ነበር። 5 ወይም 20 የሚለው የፊተኛው ቁጥር የብርዱን ጠባይ ይናገራል፤ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን። በዚያ ሙቀት ባለ 30 የሆነው ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በሴኮንድ ውፍረት ሲኖረው፣ ባለ 50 የሆነው ከ16.3 እስከ 21.9 ይደርሳል። እኔ ስለ ጠዋቱ ብርድ ስጨነቅ፣ ሞተሩ ግን በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሆኖ በአንደኛ ማርሽ ዳገት ለዳገት ነፋስ ሳያገኝ ይግል ነበር። የጌዴኦ ጠዋት ሳይሆን የጌዴኦ ዳገት ነበር ቁጥሩን የሚወስነው። የመመሪያው ጸሐፊ ጌዴኦን አያውቅም፤ ግን ከእኔ የተሻለ ገምቶ ነበር።

እንግዲህ ያ ውድ ዘይት ተመልሶ የሚገባ አልሆነም። ሞተሩ ባዶ ሆኖ ቆመ። ትክክለኛውን ዘይት ከዲላ እስካስመጣ ድረስ ሦስት ቀን በእግሬ ወደ ምንጮቹ ወረድሁ። በእነዚያ ቀናት የመካኒኩ ደጃፍ በመንገዴ ላይ ስለነበረ በሌላ በኩል ዞሬ እሄድ ነበር።

ባዶውን ጊዜ ግን ለሁለት ነገር ተጠቀምሁበት። አንደኛው የሮንዴላው ጉዳይ ነው። ከማፍሰሻው ቡሎን ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ አንዴ ከተጨፈለቀ ይጠነክራል፤ ዳግመኛ ሲታሰር በደንብ አይገጥምም፣ ያንጠባጥባል። አዲስ አላገኘሁም። በእማማ የከሰል ምድጃ ላይ ቀይ እስኪሆን አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርሁት። ብረት ሲግልና ሲነከር ይጠነክራል፤ መዳብ ግን በተቃራኒው ይለሰልሳል። ይህን በቤተ ሙከራ ተምሬው ነበር፤ በከሰል ምድጃ ላይ ሲሠራ ማየቴ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከተመረቅሁበት ቀን ያላነሰ ደስታ ሰጠኝ።

ሁለተኛው ቡሎኑ የሚጠብቅበት ልክ ነው። መመሪያው 25 ኒውተን ሜትር ይላል፤ ይህን የሚለካ መፍቻ በከተማው አላገኘሁም። ቡሎንን «በእጅህ እስኪበቃህ» ብሎ ማሰር ለለመደ እጅ እውነተኛ ልክ ነው፤ የእኔ እጅ ግን አለመደም። እማማ ከኅዳር እስከ ጥር እሸት ቡና ስለሚሸጡ፣ ከደጃፋቸው ምሰሶ ላይ ባለ መንጠቆ ተንጠልጣይ ሚዛን አለ። የመፍቻዬ ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 25ን ለ0.2 ብናካፍል 125 ኒውተን፣ ይኸውም ወደ 12 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። ሚዛኑን አስፈቅጄ፣ መንጠቆውን ከመፍቻው ጫፍ አያይዤ፣ መርፌው 12 ኪሎ ተኩል እስኪያሳይ ድረስ ቀጥ አድርጌ ሳብሁ። እማማ «ሞተሩን ልትሸጠው ነው የምትመዝነው?» ብለው ሳቁብኝ። ቡሎኑ እስከ ዛሬ ጠብታ አላፈሰሰም።

አዲሱ ዘይት መጥቶ ሞላሁ፤ ከአንድ ሊትር ጥቂት ያልፋል። ሞተሩን አስነሥቼ፣ አጥፍቼ፣ ዘይቱ እስኪወርድ ቆይቼ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ልኩን አየሁ። ዘንበል ብሎ ከታየ ልኩ ይዋሻል። በዚያ ጊዜ የፍሬኑንም ዘይት ለመለወጥ አስቤ ነበር፤ የዚያን ዕለት አልነካሁትም፣ ትክክልም አደረግሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሲሆን፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ልዩነቱ ከባድ ነው፤ መስመሩ ውስጥ አየር ከቀረም ፍሬኑ ባዶ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አልሠራውም አልሁ። ከማን ጋር እንደምሠራው ግን በዚያን ጊዜ አላወቅሁም።

የቀረው የወጣው ጥቁር ዘይት ነበር። አመሻሹ ላይ ጄሪካኑን ይዤ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ቦይ አመራሁ። እማማ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ወዴት ነው?» አሉ። ልደፋው ነው አልኋቸው። «ውኃው ከዚያ ወዴት እንደሚወርድ የነገርከን አንተ አይደለህም?» አሉኝ። እውነት ነበር። በዚያው ወር የውኃ ኮሚቴውን ሰብስቤ፣ ከምንጭ በላይ ከብት እንዳይታሰር፣ መጸዳጃም ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ እንዲቆፈር አስተምሬ ነበር። እማማ የኮሚቴው አባል ናቸው። ከቦይው በታች ያለውን ምንጭ በሲሚንቶ ያሳጠርሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የወሰደው ብረትና ከቃጠሎ የተፈጠረ መርዝ አለበት፤ ቆዳ ላይ ሲቆይም አይበጅም። በአገራችን ለብዙ ነገር ይውላል፤ የቤት ምሰሶ ምስጥ እንዳይበላው ይቀባል፣ ግንበኞችም ኮንክሪቱ እንዳይጣበቅ የሚሞላበትን ሳንቃ ይቀቡበታል። እማማም ለአጥራቸው ፈልገውት ነበር፤ አጥሩ ከምንጩ በላይ ስለሆነ ተውት። እኔ ባለሁበት ከተማ የሚረከበኝ ስላላገኘሁ በክዳን ዘግቼ አኖርሁት፤ ወደ ዲላ መኪና ሲወርድ ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ እልከዋለሁ። ጥሩ መፍትሔ ነው አልልም። በየሥራ ዕቅዳችን ላይ ለዘይት መግዣ ዓምድ አለን፤ ለወጣው ዘይት መድረሻ ግን ዓምድ አይቼ አላውቅም። ይህን ለማኅበራችን የቴክኒክ ኮሚቴ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ሞተሩ በአዲሱ ዘይት ተሻለው እንጂ አልዳነም፤ በረዥም ዳገት አሁንም ይንሸራተት ነበር። ሳህኖቹ አንዴ ተበልተዋል። ይህን የሚሠራ ሰው ከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ቀሪውን ሂሳብ በኪሴ ይዤ፣ ውዱን ዘይት በእጄ አንጠልጥዬ ሄድሁ። ደንበኞቹ ነበሩ፤ እንዲኖሩ ፈልጌም ነበር። የሰደብሁህ በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታም የምጠይቅህ በሰው ፊት ነው፤ ዘይቱን አልለወጥክም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልሁት። ጽሑፉንም አሳየሁት።

ዕቃውን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ዘይቱን አሸት አሸት አደረገ። «ቀጭን እንደሆነ ያን ቀን ሲገባ አይቼዋለሁ» አለኝ። «ፍሪሲዮኑ እንደሚንሸራተትም ገምቼ ነበር።»

ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልሁት።

«ኢንጂነር፣ ዘይቱን ያመጡት እርስዎ ነዎት። የተማረ ሰው መርጦ ከአዲስ አበባ ያመጣውን እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ልጅ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ብናገርስ ይሰሙኝ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ይህን ነገር ካሰብሁት ወዲህ ግን በጎበኘኋቸው የሥራ ቦታዎች ሁሉ ፊርማዬን ሳኖር ዝም ብለው የሚያዩኝን ግንበኞች፣ በያጆችና የፓምፕ ሠራተኞች አስታውሳለሁ። ከእነርሱ መካከል ስንቱ ዘይቱ ቀጭን መሆኑን አይቶ ዝም እንዳለ አላውቅም።

ፍሪሲዮኑን በዚያው ሳምንት አብረን ፈታነው። ሳህኖቹ እንደ መስታወት ልሰዋል፤ ሦስቱን ነክቼ አየኋቸው፣ ጠርዛቸውም ጠቁሯል። አዲሶቹን ገዛሁ፤ ከመግጠማችንም በፊት በአዲሱ ዘይት ነክረን አሳደርናቸው፤ ይህን ያዘዘው እርሱ ነው። የፍሬኑን ዘይት ከወር በኋላ አብረን ለወጥን፤ እርሱ ቫልቩን ሲከፍትና ሲዘጋ እኔ ፍሬኑን ረገጥሁ። አንድ ቀን ደግሞ እማማ ደጃፍ መጥቶ ሚዛኑን ጠየቀኝና 12 ኪሎ ተኩል ሲስብ እጁ የለመደው ልክ ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ ለካ። ግማሽ ኪሎ እንኳ አልራቀም።

አሁን በጋራዡ በር ላይ በካርቶን የተጻፈ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ ፊደሉን የጻፍሁለት እኔ ነኝ፣ ቃሉ ግን የእርሱ ነው። «ዘይት ይዘው የሚመጡ ደንበኞች፣ ከመሞላቱ በፊት ጽሑፉን አብረን እናነባለን» ይላል።